የኢንሹራንስ ወኪል ሠራተኛ ምን ማወቅ ይገባዋል?

ስለ ኢንሹራንስ ሲነገር ከእኛ ሰው አብዛኛው ወዲያው የሚያስበው መኪናን ነው። መኪና የሌለው ሰው ነገሩ እኔን አይመለከተኝም ብሎ ያልፋል፤ መኪና ያለውም ቢሆን በመስተዋቱ ላይ የምትለጠፈውን ምልክት ካገኘ በኋላ ዓመቱ እስኪዞር ድረስ ፖሊሲውን ከመሳቢያ አያወጣውም። ፖሊሲው ከመሳቢያ የሚወጣው አደጋ የደረሰ ዕለት ነው። ያን ዕለት ደግሞ የተጻፈውን ለመለወጥ ጊዜው አልፏል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። እንግዲህ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ስለ ኢንሹራንስ ኩባንያዎች ትርፍና ኪሳራ ሳይሆን፣ ያ ፖሊሲ በሚጻፍበት ሰዓት ከባንኮኒው ማዶ ተቀምጦ ደንበኛውን ስለሚጠይቀው ወጣት ሠራተኛና ሊሰጠው ስለሚገባው ሥልጠና ነው። ትምህርታቸውን ጨርሰው ሥራ ከሚፈልጉት ወጣቶች መካከል ወደዚህ ሙያ የሚገቡ ስላሉ፣ ሙያው ከውጭ እንደሚታየው ቅጽ መሙላት ብቻ አለመሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማቸዋል።

ነገሩን በአንድ ሰፈር ላይ አድርጎ መመልከት ይሻላል። በአዲስ አበባ በቦሌ ክፍለ ከተማ ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከሩዋንዳ ኤምባሲ ነው። የታክሲ ረዳቶች «ሩዋንዳ! ሩዋንዳ!» እያሉ ሲጣሩ የሰማ እንግዳ መኪናው ወደ ኪጋሊ የሚጓዝ ሊመስለው ይችላል። ሰፈሩ እንደ ቦሌ አካባቢ ሁሉ መኖሪያና ንግድ የተቀላቀሉበት ነው። ትናንት ቪላ የነበረው ዛሬ የእንግዳ ማረፊያ ሆኗል፤ ፎቁ መኖሪያ ሲሆን ምድር ቤቱ ሱቅ ወይም ክሊኒክ ነው፤ በአጥሩ በኩል ካለችው የአገልግሎት ክፍል የቡናና የኬክ ሽታ ይወጣል። ለአላፊ አግዳሚው ይህ ሁሉ የከተማ ማደግ ነው። ለኢንሹራንስ ሠራተኛ ግን እያንዳንዱ አጥር ጥያቄ የሚያስነሣ ነው፤ ምክንያቱን ከዚህ በታች እናያለን።

በሙያው አነጋገር ሽፋን የሚባለው በሁለት ታላላቅ ወገኖች ይከፈላል። አንደኛው የግል ነው፤ ይኸውም ሰው ለራሱ፣ ለቤተሰቡ፣ ለመኖሪያ ቤቱ፣ ለቤት ዕቃውና ለራሱ መገልገያ ላደረገው መኪና የሚገባው ሲሆን፣ የሕይወት፣ የግል አደጋ፣ የሕክምናና የመንገደኛ ኢንሹራንስም ከዚሁ ይመደባሉ። ሁለተኛው የንግድ ነው፤ ሱቁን፣ መጋዘኑን፣ ማሽኑን፣ በጉዞ ላይ ያለውን ሸቀጥ፣ ከባንክ የሚመጣውን ጥሬ ገንዘብ፣ የሠራተኞችን ጉዳትና በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚመጣውን ኀላፊነት ይመለከታል። በመጽሐፍ ላይ ሲነበብ ድንበሩ ግልጽ ነው። በሩዋንዳ ግን ድንበሩ በአንድ ግቢ ውስጥ፣ አንዳንድ ጊዜም በአንድ መኪና ውስጥ ያልፋል።

ምሳሌ እንውሰድ። ሥልጠና ላይ ካሉት ወጣቶች አንደኛው ደንበኛ፣ ሌላኛው ሠራተኛ እየሆነ የሚደረግ ልምምድ አለ። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ወደ ወኪሉ ቢሮ መጡ እንበል። «ልጄ፣ ቤቴንና መኪናዬን ኢንሹራንስ አስገባልኝ፤ ቶሎ በል፣ ታክሲው ቆሞ እየጠበቀኝ ነው» ይላሉ። ያልሠለጠነው ሠራተኛ ደስ ይለዋል። «መኖሪያ ቤት» ብሎ ይጽፋል፣ «የግል መኪና» ብሎ ይጽፋል፣ አረቦኑን አስልቶ ይቀበላል፣ ደረሰኝ ይሰጣል፣ እሳቸውም መርቀውት ይሄዳሉ። የሠለጠነው ግን ወንበር ይስባል።

«እማማ፣ በግቢው ውስጥ ከእርስዎ ሌላ የሚኖር ወይም የሚሠራ ሰው አለ?»

«ኧረ የለም፤ እኔና ልጄ ብቻ ነን። በአጥሩ በኩል ያለችውን ክፍል ለኬክ ቤት አከራይቻታለሁ፤ እሷ እንኳ ከቤት አትቆጠርም።»

«ኬኩን የሚጋግሩት በኤሌክትሪክ ነው ወይስ በጋዝ?»

«ሲሊንደር ሲያስገቡ አይቻለሁ።»

«መኪናውንስ ማን ይነዳዋል?»

«ልጄ ነዋ። ማታ ማታ በስልክ ሲጠሩት ሰው ያደርሳል፤ ለነዳጅ እንኳ ይሁነው ብዬ ፈቀድኩለት። ምነው፣ ፖሊስ ነህ እንዴ የኔ ልጅ? ምን አስጠየቀህ ይህን ሁሉ?»

የሥልጠናው ዋና ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ሠራተኛው በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሦስት ነገሮችን አወቀ፤ ቤቱ መኖሪያ ብቻ አይደለም፤ በግቢው ውስጥ የእሳት አደጋን የሚጨምር ሥራ አለ፤ መኪናውም በከፊል በኪራይ ይሠራል። በግል ፖሊሲ ላይ ብዙውን ጊዜ መኪናው በክፍያ ሰው ለማመላለስ እንዳይውል የሚል አንቀጽ ይገኛል። ያ ልጅ ማታ ተሳፋሪ ይዞ ሲሄድ ቢጋጭ፣ ኩባንያው መዝገቡን አውጥቶ «የግል መኪና» የሚለውን ያነባል። ሲሊንደሩ ፈንድቶ ቤቱ ቢቃጠል ደግሞ «መኖሪያ ቤት» የሚለውን ያነባል። እኒያ እናት በሕይወታቸው ሙሉ የለፉበት ቤት በወጣቱ የብዕር ጥድፊያ ምክንያት አደጋ ላይ ወደቀ ማለት ነው።

«ምን አስጠየቀህ» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠውም መልስ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። የእኛ ሰው ለኢንሹራንስ እንግዳ አይደለም፤ እድር አለው። እድር ግን ብዙ አይጠይቅም፤ ምክንያቱም ጎረቤት ስለሆነ አስቀድሞ ያውቃል። የማን ልጅ ምን እንደሚሠራ፣ የማን ቤት ለማን እንደተከራየ ለእድሩ ዳኛ የሚነግረው አያሻም። የኢንሹራንስ ኩባንያ ደንበኛውን አያውቀውም፤ የሚያውቀው ወረቀቱን ብቻ ነው። ስለዚህ ሠራተኛው «እማማ፣ አሁን ብጠይቅዎ የሚሻለው ያን ጊዜ እንዳይጠይቁዎ ነው» ብሎ በአክብሮት ማስረዳት መቻል አለበት።

ሕጉም ይህንኑ ይላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ኢንሹራንስ የሚገባው ሰው ውሉን ሲዋዋል አደጋውን ለመመዘን የሚረዱትንና እሱ የሚያውቃቸውን ነገሮች ሁሉ በትክክል እንዲገልጽ ያስገድደዋል። ሆን ብሎ ከደበቀ ውሉ ይፈርሳል፤ ባለማወቅ ያስቀረውም ቢሆን ካሳውን ሊያስቀንስበት ይችላል። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ቢወጣም የተተኩት ሌሎቹ ክፍሎች ናቸውና፣ የ1952ቱ ሕግ ስለ ኢንሹራንስ የሚናገረው ክፍል ሥራ ላይ እንዳለ ነው። ወደ ሙያው የሚገባ ወጣት ከአንቀጽ 654 ጀምሮ ያለውን ይህን ክፍል ከማንኛውም የኩባንያ መመሪያ በፊት ቢያነበው አይጸጸትም፤ ረጅም አይደለም፤ አጻጻፉም ከፖሊሲው የበለጠ ይገባል።

በውጭው ዓለምም ቢሆን ሙያው የተወለደው ከመጠየቅ ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በሎንዶን ኤድዋርድ ሎይድ የሚባል ሰው ቡና ቤት ነበረው። የመርከብ ጌቶችና ነጋዴዎች እዚያ እየተሰበሰቡ ቡና ሲጠጡ፣ የትኛዋ መርከብ የት ደረሰች፣ ካፒቴኗ ማን ነው፣ ምን ጫነች እያሉ ይጠያየቁ ነበር። ወሬው ትክክለኛ ስለነበረ በወሬው ላይ ተመሥርቶ አደጋ የሚጋራ ሰው ተገኘ፤ የሎይድስ የኢንሹራንስ ገበያም ከዚያው አደገ። የቡና አገር ሰዎች የሆንን እኛ በቡና ላይ የምናወራውን ወሬ ወደ ገበያ ለመለወጥ ያንን ያህል አልቸኮልንም። የእሳት ኢንሹራንስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1666 የሎንዶን ታላቅ ቃጠሎ ከ13 ሺህ በላይ ቤቶችን ከበላ በኋላ የመጣ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ አንድ የሚያስገርም ነገር እናገኛለን። ዘመናዊ ኢንሹራንስ በኢትዮጵያ የተጀመረው በኩባንያ ሳይሆን በወኪል ነው። በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአቢሲንያ ባንክ ለውጭ አገር ኩባንያ ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር ኢንሹራንስ ይሸጥ ነበር። የመጀመሪያው የአገር ውስጥ ድርጅት፣ ኢምፔሪያል ኢንሹራንስ ኩባንያ፣ የተቋቋመው ከዚያ ብዙ ዘመን ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ.ም. በአገሪቱ የነበሩት 13 ኩባንያዎች ተወረሱ፤ በ1968 ዓ.ም. በ11 ሚሊዮን ብር ካፒታል የኢትዮጵያ መድን ድርጅት በእነዚሁ ላይ ተመሠረተ። በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 86 በሩ ለግል ባለሀብት ዳግመኛ ተከፈተ፤ ዛሬ የግል ኩባንያዎች ከአሥር በላይ ናቸው። ሰኔ 24 ቀን 2008 ዓ.ም. ደግሞ ለኢንሹራንስ ኩባንያዎች ራሳቸው ኢንሹራንስ የሚሰጥ የጠለፋ መድን ኩባንያ በአገር ውስጥ ሥራ ጀመረ። ይህም ሁሉ ሆኖ ሕዝቡ በዓመት ለኢንሹራንስ የሚከፍለው አረቦን ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም፤ የተከፈለውም ቢሆን ከፍተኛው ድርሻ የመኪና ነው። ሌላው ሁሉ፣ ቤቱም ሱቁም፣ ገና ያልተነካ ነው። ለወጣቱ ሠራተኛ ሥራው ያለው እዚያ ነው።

ዋጋው ስንት ነው?

ከጥያቄዎች ሁሉ ደንበኛው በፍጥነት የሚመልሰውና ብዙ ጊዜ የሚሳሳትበት የንብረቱ ዋጋ ነው። አረቦኑ እንዲያንስ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ይነግራል፤ ወይም ከሦስት ዓመት በፊት የተጻፈውን እንዳለ ያሳድሳል። ሕጉ ግን ንብረቱ አደጋ በደረሰበት ቀን ያለው ዋጋ ኢንሹራንስ ከተገባበት ዋጋ ከበለጠ፣ ባለቤቱ ለልዩነቱ ራሱን የራሱ ኢንሹራንስ ሰጪ እንዳደረገ ይቆጥረዋል። በቁጥር እንየው። 10 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ቤት በ5 ሚሊዮን ብር ኢንሹራንስ ተገባለት እንበል። እሳት ተነሥቶ የ2 ሚሊዮን ብር ጉዳት ቢደርስ፣ ባለቤቱ 2 ሚሊዮኑ ከ5 ሚሊዮኑ በታች ስለሆነ ሙሉውን የሚያገኝ ይመስለዋል። የሚያገኘው ግን 1 ሚሊዮን ነው፤ ለግማሹ ኢንሹራንስ ስላልገባ ከጉዳቱም ግማሹ የራሱ ነው። ይህን ስሌት በባንኮኒው ላይ በወረቀት አስልቶ ማሳየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ከአደጋ በኋላ ግን ማንም ሰው በሰላም አይቀበለውም።

ነገሩ በእኛ ዘመን ይበልጥ የከበደበት ምክንያት አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የመኪናና የመለዋወጫ ዋጋም አብሮ ወጣ። ከዚያ በፊት በተጻፈው ዋጋ የታደሰ ፖሊሲ ሁሉ በአንድ ሌሊት ጎዶሎ ሆነ ማለት ነው። በዚህ ላይ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በቦሌ መንገዶች ላይ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት በዝተዋል፤ የእነዚህ ባትሪ ለብቻው ከመኪናው ዋጋ ትልቁን ድርሻ ስለሚይዝ፣ ባትሪው በሽፋኑ ውስጥ ስለመኖሩና በምን ሁኔታ እንደሚካስ ሳይጠይቅ ፖሊሲ የሚጽፍ ሠራተኛ ነገ ከደንበኛው ጋር መጣላቱ አይቀርም። ስለዚህ ዕድሳት ማለት ቀኑን ለውጦ ማኅተም መምታት አይደለም፤ ውሉ ከማለቁ አስቀድሞ ደውሎ «ካለፈው ዓመት ወዲህ ምን ተለወጠ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

በእንግሊዝኛ ተጽፎ በአማርኛ የሚሸጥ

ሌላው ችግር ቋንቋ ነው። ፖሊሲዎቹ ብዙውን ጊዜ የታተሙት በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ እንግሊዝኛውም ተራ እንግሊዝኛ አይደለም። ስለዚህ ሠራተኛው ወደደም ጠላም አስተርጓሚ ነው። «የስርቆት ሽፋን አለዎት» ብሎ አንዱን ቃል ብቻ መናገር ማሳሳት ይሆናል። በብዙ ፖሊሲዎች የሚካሰው በር ወይም መስኮት ተሰብሮ የተወሰደው ነው፤ በተከፈተ በር የገባ ሌባ ወይም በቤት ውስጥ የሚኖር ሰው የወሰደው ላይካስ ይችላል። «ሙሉ ሽፋን» የሚለው ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። ደንበኛው ሙሉ ሲባል ምንም አይቀርም ማለት ይመስለዋል፤ በሙያው ግን ከመኪናው ግጭት፣ ቃጠሎና ስርቆት ጋር የሦስተኛ ወገንን ኀላፊነት አንድ ላይ የያዘ ማለት እንጂ፣ ከካሳው ላይ ባለቤቱ የሚችለው ተቀናሽ የለውም ማለት አይደለም። መንጃ ፈቃድ የሌለው ወይም የጠጣ ሰው ሲነዳ የደረሰውም በሽፋኑ ውስጥ አይገኝም። ሠራተኛው ሽፋኑ የሚይዘውን ሲያስረዳ የማይዘውን በዚያው ድምፅ ማስረዳት አለበት፤ የሚይዘውን ጮክ ብሎ፣ የማይዘውን በሹክሹክታ መናገር የሸንጎ ሳይሆን የገበያ ጠባይ ነው።

በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 559 ተደንግጎ በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 799 የተተካው የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስም እንዲሁ ሊብራራ ይገባዋል። ብዙ ባለመኪናዎች ግዴታ ስለሆነ ይገዙታል እንጂ፣ የሚከፍለው ለተገጨው ሰውና ለተጎዳው የሌላ ሰው ንብረት መሆኑን፣ ለራሳቸው መኪና ጥገና ግን ምንም እንደማይሰጥ ልብ አይሉም። ገጭቶ ላመለጠ ወይም ኢንሹራንስ ለሌለው መኪና ተጎጂዎች ፈንድ መቋቋሙንም የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ይህን ለማያውቅ ተጎጂ መንገር ለወኪሉ ቢሮ አንዲት ሳንቲም አያስገባም፤ ቢሆንም ሥራው ነው።

የንግዱ ወገን

በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሣው ቃጠሎ ሰዓታት ሲነድ ያየ ሰው፣ የንግድ ሽፋን ለምን እንደሚያስፈልግ ማስረጃ አይሻም። ሱቆቹ እርስ በርስ የተደገፉ ስለሆኑ የአንዱ እሳት የሁሉም እሳት ነው። ቦሌ ያሉት ፎቆች በሲሚንቶና በመስተዋት ቢለዩም ነገሩ ያው ነው፤ በምድር ቤት ያለው የወጥ ቤት እሳት በ3ኛው ፎቅ ያለውን ቢሮ ይመለከተዋል።

የንግድ ደንበኛ ሲመጣ ሠራተኛው ከቢሮው ተነሥቶ ቦታውን ሄዶ ማየት አለበት። እዚያ ሲደርስ የሚያየው ዕቃውን ብቻ አይደለም። ሠራተኞች ስንት ናቸው? በ2011 ዓ.ም. በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መሠረት ሠራተኛ በሥራው ላይ ሲጎዳ አሠሪው ጥፋት ባይኖረውም እንኳ ኀላፊ ነው፤ ይህን የማያውቅ የጋራዥ ባለቤት ለማሽኑ ሁሉ ኢንሹራንስ ገብቶ ማሽኑን ለሚያንቀሳቅሰው ልጅ ሳይገባ ይቀራል። የሱቁን ገንዘብ ወደ ባንክ የሚወስደው ማን ነው? ቁልፉ በማን እጅ ነው? በእርጥብ ወለል ላይ ደንበኛ ተንሸራቶ እግሩ ቢሰበር የሚክሰው ማን ነው? ሱቁ ተቃጥሎ ለስድስት ወር ቢዘጋ ኪራዩና ደመወዙ ከየት ይከፈላል? ነጋዴው ስለ ዕቃው ሌሊትና ቀን ያስባል፤ ስለ እነዚህ ግን የሚያስታውሰው ሰው ያስፈልገዋል።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሠራተኛ ማግኘት ቀላል አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 746 (2004 ዓ.ም.) መሠረት ወኪልም ሆነ ደላላ ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ማግኘት አለበት። ሁለቱም አንድ አይደሉም፤ ወኪል የሚሠራው ለኩባንያው ሲሆን፣ ደላላ የሚቆመው ለገዢው ነው። ሠራተኛውም ደንበኛው ሲጠይቀው በየትኛው ወገን እንዳለ ሳያፍር መናገር አለበት። ፈቃዱ ግን የቢሮው ጌታ ነው፤ ከባንኮኒው የሚቀመጠው ልጅ ብዙ ጊዜ የተቀጠረው ባለፈው ወር ነው። የወኪሉ ገቢ በሚሸጠው ልክ የሚታሰብ ኮሚሽን በመሆኑም ልጁ በመጀመሪያው ሳምንት የሚሰማው ትምህርት «ሽጥ» የሚል ብቻ ሊሆን ይችላል። በእኔ አስተያየት የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ምንም ሳይሸጥ፣ አጠገቡ ያለው ነባር ሠራተኛ ሲጠይቅ እያዳመጠ ቢያሳልፍ ቢሮው የሚያጣው ጥቂት ነው።

በእነዚያ ወራት ሊለማመድ ከሚገባው አንዱ የአደጋ ቀን ስልክ ነው። ማታ ደንግጦ የሚደውል ሰው የፖሊሲ ቁጥሩን አያስታውስም፤ አስቀድሞ የሚጠየቀውም እሱ አይደለም። የተጎዳ ሰው አለ ወይ? ፖሊስ መጥቷል ወይ? ከዚያ በኋላ መኪናው ገማች ሳያየው እንዳይጠገን፣ ፎቶግራፍ እንዲነሣ፣ ከሌላው ባለመኪና ጋር በመንገድ ላይ «እኔ እከፍላለሁ» የሚል ስምምነት እንዳይደረግ፣ በፖሊሲው በተወሰነው ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲያስታውቅ ይነገረዋል። ድምፁ ረጋ ያለ ሠራተኛ እዚህ ላይ ከብዙ ማስታወቂያ ይበልጣል።

ሌላው ከፋይል ክፍል የሚገኝ ትምህርት ነው። ጥሩ አሠልጣኝ ካሳ የተከለከለባቸውን አሮጌ ፋይሎች አውጥቶ፣ የባለቤቱን ስም በወረቀት ሸፍኖ፣ ለሠልጣኞቹ ያከፋፍላል፤ እነሱም ሳይጠየቅ የቀረው ጥያቄ የትኛው እንደሆነ ይፈልጋሉ። የውሳኔው ደብዳቤ በመጨረሻው ገጽ ላይ ስለሆነ ሠልጣኞቹ ብዙውን ጊዜ ከዚያ ይጀምራሉ። የሚፈልጉት ግን በአብዛኛው ያለው በመጀመሪያው ገጽ፣ «የንብረቱ አገልግሎት» ከሚለው ፊት ባዶ በቀረው መሥመር ላይ ነው።